«የዘመኑ ልጅ መፈለግ ያውቃል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከወላጆች ስብሰባ አንድ አባባል ሳልሰማ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ «መምህር፣ የዘመኑ ልጅ እኮ ስልክ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ መረጃ መፈለግ ምኑ ይጠፋዋል?» የሚለውን። ይህን የሚሉኝ ወላጆች በልጆቻቸው የሚኮሩ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ኩራታቸውንም እረዳለሁ። ነገር ግን ጅማ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን አማርኛ ሳስተምር፣ ከክፍለ ጊዜው ውጪም በቴሌግራም ግሩፕ በጽሑፍ እያወያየሁ አንብቦ መረዳትንና መረጃ ማመሳከርን ሳለማምድ፣ ሥራዬን እንደዚህ እምነት ያከበደብኝ ነገር የለም። ተማሪው «አውቃለሁ» ብሎ የመጣበትን ነገር ማስተማር፣ ጨርሶ የማያውቀውን ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል። ሌሎች ስሕተቶችም ስላሉ መጀመሪያ ሁለቱን አንስቼ ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

«በኦንላይን ማወያየት ማለት ኖት በቴሌግራም መላክ ነው» የሚለው አመለካከት የተረፈን ከኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ብዙዎቻችን መምህራን ኖቱን ፎቶ አንስተን ወይም ፒዲኤፍ አድርገን እንልክ ነበር፤ ተማሪውም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ ነበር። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ከዚያ የተሻለ ማድረግ ባለመቻላችን አንወቀስም፤ ይሁንና ያ ሥራ ጽሑፍ ማደል ነበር። ውይይት የሚባለው አንዱ ተማሪ የጻፈውን ሌላው አንብቦ፣ ወደ ምንባቡ ተመልሶ መስመር እየጠቀሰ ሲስማማ ወይም ሲቃወም ነው። መልሱ ምንባቡን ሳያነቡ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ ጥያቄው ለውይይት አልተዘጋጀም ማለት ነው። «ደራሲው ምን ሊነግረን ፈለገ?» ብዬ ስጠይቅ አርባ ተመሳሳይ መልስ ይመጣልኛል፤ «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አባትየው ለምን ዝም አለ? ምክንያቱን የሚያሳየውን ዓረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ ጻፉ» ስል ግን ሁሉም መጽሐፉን መግለጥ ግድ ይሆንበታል።

«ዳታ ይጨርሳል» የሚለው ስጋት ደግሞ በቁጥር የሚመለስ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲላክ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 200 ፊደል ያለው መልስ 1 ኪሎባይት አይሞላም፤ አርባ ተማሪዎች በሳምንት አምስት አምስት ጊዜ ቢጽፉም የጽሑፉ መጠን ከአንድ ፎቶግራፍ ብዙም አይርቅም። ዳታ የሚበላው ቪዲዮ ስለሆነ በግሩፑ ቅንብር ዘግቼዋለሁ። ስልክ የሌለው ልጅ ጉዳይ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ሁለት ሁለት ልጆችን በአንድ ስልክ ማጣመር፣ በወረቀት የተጻፈ መልስ ተቀብሎ ራሴ ግሩፑ ላይ ማስፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ክፍት ማድረግ ነው፤ መብራት ሊጠፋ፣ አባትም ስልኩን ይዞ ገጠር ሊሄድ ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ስልክ መነካካት መቻልና መረጃ መመርመር መቻል የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በዲጂታል ቴክኖሎጂ መካከል ለተወለደ ልጅ ቴክኖሎጂው እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ሐሳቡ ለጆሮ ስለሚጥም ከጥናቱ በፊት ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ ዶናልድ ሉ የተባሉት የንባብ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦክቶፐስ የሚያወራ ሆን ተብሎ የተፈጠረ የሐሰት ድረ ገጽ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጡ፤ ልጆቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም አመኑት። እነዚህ ኢንተርኔት በመጠቀም የተመሰገኑ ልጆች ነበሩ። አዋቂም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችንና 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ አደረጉ። ብዙዎቹ ተማሪዎችና ምሁራን ገጹ ላይ ቆይተው መልኩን፣ ስሙንና አጻጻፉን ሲመረምሩ፣ አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለዚያ ገጽ ምን እንደሚሉ ይፈልጉ ነበር፤ ፈጥነው እውነቱ ላይ የደረሱትም እነሱ ናቸው። ልጆቻችን የሚያስፈልጋቸው ይህ ልማድ ነው፤ እሱንም ማንም ይዞት አይወለድም።

በራሴ ክፍል ያየሁትን ልንገራችሁ። ስለ ጅሬኑ ቤተ መንግሥት አጭር ምንባብ ካነበብን በኋላ፣ «አባ ጅፋር ከመቼ እስከ መቼ ነገሡ?» ብዬ በግሩፑ ጠየቅሁ። ቤተ መንግሥቱን ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሄደው አይተውታል፤ ቀላል ጥያቄ መስሏቸዋል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስክሪንሾት ጎረፈ። አንዳንዱ ከ1830 እስከ 1855፣ አንዳንዱ ከ1878 እስከ 1932 ይላል፤ አንድ ተማሪ ደግሞ ሁለቱን አዋሕዶ ከ1830 እስከ 1932 ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ዓይነት መልስ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ ሳለ «እኔና አንተ የጻፍነው ለምን ተለያየ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ልጅ አልነበረም። ሁሉም የራሱን ልኮ ወጥቷል። ስልክ የሚያውቀው ትውልድ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ማግኘት ችሏል፣ ያገኘውን ግን አላነበበም።

እኔም መልሱን አልነገርኳቸውም። «ከ1830 እስከ 1932 ከሆነ ስንት ዓመት ነገሡ ማለት ነው?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። በማግስቱ ማታ፣ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ «102 ዓመት፤ መምህር፣ ይህ የአንድ ሰው ነው የሁለት?» ብላ መለሰች። ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው። ሦስት ቀን ፈጅቶባቸው፣ የመጀመሪያው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855፣ ቤተ መንግሥታቸውን የምንጎበኘው ሁለተኛው አባ ጅፋር ደግሞ ከ1878 እስከ 1932 እንደነገሡ፣ በመካከልም አባ ሬቡ፣ አባ ቦካና አባ ጎሞል እንደነበሩ ለዩ። በመንገዳቸው ላይ ሌላ ነገርም ተማሩ፤ ሁለት ጽሑፎች በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሲለያዩ ከመካሰስ በፊት የትኛው በእኛ፣ የትኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደተጻፈ ማየት እንደሚገባ። ይህን ትምህርት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚያስተምር የውጭ መመሪያ የለም፤ ከእኛ በቀር።

ከዚህም የጋለው የቡና ክርክር ነበር። ጅማ ተወልዶ የእረኛውን የካልዲን ተረት የማያውቅ ልጅ የለም። ከጎማ ወረዳ የመጡት ልጆች «ቡና የተገኘው ጮጬ ነው» ይላሉ፤ ዘመድ ከፋ ያላቸው ደግሞ በፍጹም አይቀበሉም። ሁለቱም ወገን ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ካልዲን ነው። ስሜቱ ሲበረታ ጥያቄውን ለወጥኩት፤ «ካልዲ የየት ሰው ነው?» የሚለውን ትተን «ይህ ታሪክ መጀመሪያ የተጻፈው የት ነው?» አልኩ። አንዱ ተማሪ በእህቱ እርዳታ እንግሊዝኛውን አንብቦ ያመጣው መልስ ግሩፑን ለአንድ ቀን ጸጥ አሰኘው። የፍየሎቹ ታሪክ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ፋውስቱስ ናይሮን በላቲን ባሳተመው ድርሰት ሲሆን፣ በዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም፤ ቦታውም የዓረቦች አገር ነው። ተፈጸመ ከሚባልበት ከዘጠነኛው መቶ ዘመን ጋር ሲነጻጸር የስምንት መቶ ዓመት ያህል ክፍተት አለ።

ልጆቹ አዘኑ። «ታዲያ ቡና የእኛ አይደለም?» ያለኝም ነበር። ተረቱ ማስረጃ መሆን ባይችልም፣ የአረቢካ ቡና የትውልድ ስፍራ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሚያስረዱት ከተረቱ ሳይሆን በዱር ከሚበቅለው ተክልና ከዝርያው ብዛት ተነሥተው መሆኑን ያን ጊዜ አነበቡ። አንድ እምነት እውነት ሆኖ ሳለ ማስረጃው የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲገባው አይቻለሁ። በዚያው ሳምንት አንዲት ተማሪ አያቷን በኦሮምኛ ጠይቃ፣ የነገሯትን ወደ አማርኛ መልሳ፣ «ይህ የአያቴ ቃል ነው፤ የተጻፈ አይደለም» ብላ ለይታ አቀረበች። ሁለት ቋንቋ መናገር ለጅማ ልጅ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ወላጆች ቢያስተውሉልኝ እወዳለሁ።

ስለዚህ ልጃችሁ ስልክ ላይ ሆኖ «አሳይንመንት እየሠራሁ ነው» ሲላችሁ፣ ምን እንዳገኘ ከመጠየቃችሁ በፊት «ይህን ማን ጻፈው? ሌላ ሰውስ ምን ይላል?» በሉት። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መጠየቅ ይችላል። ያገኘውን በራሱ አፍ ያስረዳችሁ፤ ማስረዳት ካቃተው አላነበበውም።

«ዊኪፒዲያ የተከለከለ ነው» የሚሉ ባልደረቦችም አሉ። መነሻ ይሁን፣ መድረሻ አይሁን፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

«አማርኛቸው ይበላሻል» ለሚለው መልሴ በእኔ ግሩፕ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ተቀባይነት እንደሌለው መናገር ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ በነፃ ይገኛል፣ ልጆቹም በሁለት ሳምንት ይለምዱታል።

«ጎበዞቹ ብቻ ይጽፋሉ፤ ዝምተኞቹ ይጠፋሉ» የሚለው በእኔ ልምድ የተገላቢጦሽ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል እንኳ የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ የሚመልሱትም ይበዛሉ። በጽሑፍ ውይይት ጊዜው ሰከንድ ሳይሆን ቀናት ነው። 102 ዓመት ብላ ያሰላችው ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን እስክታወጣ ሌላ ሰው ይመልስባት ነበር። ፈጣኖቹ እንዳይሻሙ ደግሞ በቴሌግራም «ስሎው ሞድ» የሚባለውን ቅንብር አንድ ሰዓት ላይ አደርገዋለሁ፤ አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ሰዓቱ ሳይሞላ ዳግም መጻፍ አይችልም።

የተግባር ክፍፍልም ይረዳል። አኔማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ቃላቱን እያነበቡ ሐሳቡ የሚያመልጣቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች መጠየቅን፣ ማሳጠርን፣ ያልገባን ማብራራትንና ቀጥሎ የሚመጣውን መገመትን ተራ በተራ እየመሩ ሲለማመዱ አንብቦ መረዳታቸው በግልጽ ተሻሽሏል። እኔም በየሳምንቱ አራት ልጆችን በእነዚህ ተግባራት እመድባለሁ፤ ጠያቂው ዐርብ ማታ ጥያቄውን ካልለጠፈ ውይይቱ አይጀመርም።

የልጆች ደኅንነትን በተመለከተ የወላጆች ፍርሃት ስሕተት ስላልሆነ ላርመው አልፈልግም። ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ በየስልኩ ቅንብር ላይ አብረን እናስተካክላለን፤ ከመምህርም ሆነ ከተማሪ ጋር በግል መልእክት መጻጻፍ አይፈቀድም፤ ቢያንስ ሁለት ወላጆች በግሩፑ ውስጥ ሆነው ይከታተላሉ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግሩፑ ይዘጋል። ይህን የማያሟላ ግሩፕ የከፈተ መምህር ካለ ወላጆች ልጃቸውን የማስወጣት መብት አላቸው።

በመጨረሻ፣ ከባልደረቦቼ የምሰማው «አንተማ ስልክ ላይ አስቀምጠሃቸው ታርፋለህ» የሚለው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አርባ ስምንት መልስ እያንዳንዱን አነባለሁ፤ ከምንባቡ መስመር የጠቀሰውን፣ ሳያነብ የገመተውንና ከሌላ የገለበጠውን በደብተር ላይ ለያይቼ እመዘግባለሁ። ከዚያ ለሰኞ ክፍለ ጊዜ ሦስት መልሶችን መርጬ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳልገልጽ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ፤ ክፍሉም የትኛው መልስ ማስረጃ እንዳለው በቃል ይከራከራል። የግሩፑ ውይይት የሰኞውን ክርክር የሚያዘጋጅ እንጂ የሚተካ ባለመሆኑ፣ በሳምንት ከአራት ሰዓት በላይ ይወስድብኛል። የፊታችን ሳምንት ጥያቄ ስለ አዌቱ ወንዝ ነው፤ ተማሪዎቹ ወንዙ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ሁለት አዛውንት ጠይቀው፣ አንድ የተጻፈ ነገር አንብበው፣ ሦስቱ የማይስማሙበትን ቦታ ለይተው ይጽፋሉ።