የስፕሪንግ ብሬክ ክሩዝ ከልጆች ጋር፦ የሚወራው ሌላ፣ መርከቧ ላይ የሚጠብቃችሁ ሌላ

ሁለት አመት ተኩል የሆነው ልጃችን አዲስ የመዋኛ ዳይፐር ተደርጎለት፣ ሰንስክሪን ተቀብቶ፣ ትንሿን መነፅር አጥልቆ፣ እጁን ይዤው ፑሉ ጋር ስንደርስ አንዷ ሰራተኛ ፈገግ ብላ «ይቅርታ፣ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ውሃው ውስጥ አይገባም» አለችኝ። መርከቧ ከማያሚ ከተነሳች ገና ሁለት ሰዓት አልሞላትም፣ አምስት ቀን ይቀረናል። ልጄ ውሃውን በጣቱ እያሳየኝ ያለቅሳል፣ ባለቤቴ ደግሞ ምንም አትናገርም ግን አስተያየቷ «ሳትጠይቅ ነው እንዴ ያመጣኸን?» ነው የሚለው። እውነትም አልጠየቅኩም ነበር፣ የጠየቅኩት ዋጋ ብቻ ነው።

ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ ሄደናል፣ እና አሁን በስፕሪንግ ብሬክ፣ ማለትም ማርችና ኤፕሪል አካባቢ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት፣ ክሩዝ (በመርከብ የመዝናኛ ጉዞ) ያሰበ ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል፣ የሚሉኝ ነገር ደግሞ ሁሌ ያው ነው። ለየአንዳንዱ ስደግም ከምውል አንዴ ልፃፈውና ልገላገል።

«የመዋኛ ዳይፐር ካደረገ ችግር የለውም»

አለው። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሱ መርከቦችን ንፅህና የሚቆጣጠረው ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ መንግስት የጤና መስሪያ ቤት ነው፣ በሱ ህግ ሽንት ቤት መሄድ ያልለመደ ልጅ ፑልም ጃኩዚም አይገባም፣ የመዋኛ ዳይፐር አደረገ አላደረገ ለውጥ የለውም። ሰራተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አንድ ልጅ ፑሉ ውስጥ ካመለጠው ፑሉ ተዘግቶ መፅዳት አለበት፣ የስንት ቤተሰብ ቀን ነው የሚበላሸው። ለእንደዚህ አይነት ህፃናት ተለይቶ የተሰራ ውሃ የሚረጭ ቦታ ያላቸው መርከቦች ግን አሉ፣ ዲዝኒ አለው፣ ሮያል ካሪቢያንም አንዳንዶቹ መርከቦቹ ላይ አለው። አንዳንዶቹ ነው ያልኩት፣ ስለዚህ ካምፓኒውን ሳይሆን መርከቧን በስሟ ጠርታችሁ ጠይቁ። ባህር ዳርቻ ላይ ግን ከልካይ የለም፣ እኛም ያንን ልጅ በስተመጨረሻ ያስታረቅነው ባሃማስ አሸዋው ላይ ቁጭ አድርገን፣ ማዕበሉ እግሩን እየነካው ሲመለስ እየሳቀ ነው።

ከዚህ ያነሰ ህፃን ካላችሁ ደግሞ አብዛኞቹ ካምፓኒዎች በጉዞው ቀን ቢያንስ 6 ወር የሞላው ነው የሚቀበሉት፣ መርከቧ ብዙ ቀን ወደብ ሳትነካ የምትሄድ ከሆነ 12 ወር ይሉታል። ቡክ ስታደርጉ ስንት ወሩ ነው የሚለውን እርሱት፣ የሚቆጠረው የምትሳፈሩበት ቀን ነው።

«ትልቁና አዲሱ መርከብ ለልጆች ይሻላል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ጋ ነው። በ2024 ጃንዋሪ ስራ የጀመረችውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስን ሁሉም ሰው በቪዲዮ አይቷል፣ ስትሞላ ወደ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፣ ባለ ቀለም የውሃ መንሸራተቻዎቿን አይቶ ልጅ ቢጮህ አይፈረድበትም። ግን ልጃችሁ የስንት አመት ነው? ቁመቱስ? መርከብ ላይ ያሉት ትልልቅ መንሸራተቻዎች ብዙዎቹ 48 ኢንች ይጠይቃሉ፣ ፍሎውራይደር የሚባለው ሰው ሰራሽ ማዕበል ላይ ደግሞ ተኝቶ ለመጋለብ 52 ኢንች፣ ቆሞ ለመጋለብ 58 ኢንች ያስፈልጋል። የአምስት አመት ልጅ ይዞ ለነዚህ ነገሮች ተብሎ የተጨመረ ዋጋ መክፈል ማለት ልጁን ሰልፍ አስይዞ፣ በመለኪያው እንጨት ለክቶ፣ «አንተ አይሆንልህም» ብሎ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ሜትር አምጡና ልጁን ግድግዳ ላይ ለኩት፣ አልቀልድም።

በተገላቢጦሹም አለ። ያቺው አይከን ላይ ሰርፍሳይድ የሚባል ለስድስት አመትና ከዛ በታች ላሉ ልጆች የታሰበ ሰፈር አለ፣ መብሉም ውሃውም መጫወቻውም አንድ ቦታ ነው፣ ለህፃን ልጅ ወላጅ ገነት ነው። የ13 አመት ልጅ ግን ትንሽና ያረጀች መርከብ ላይ ስታስገቡት በሁለተኛው ቀን «ደበረኝ» ይላችኋል። ትልቅ ትንሽ አይደለም ነገሩ፣ የእናንተ ልጅ ዕድሜ ላይ ምን አላት ነው።

«ልጆች በነፃ ነው የሚሄዱት»

ማስታወቂያው እንደዛ ይላል አዎ። የካቢን (መርከቧ ላይ የምታድሩበት ክፍል) ዋጋ የሚሰላው ሁለት ሰው ይይዛል ተብሎ ነው፣ ሶስተኛና አራተኛ ሆነው እዛው ካቢን የሚገቡት (ትልቅም ይሁኑ ልጅ) ብዙ ጊዜ ይቀንስላቸዋል፣ ነፃ የሚባለውም የነሱ የካቢን ዋጋ ነው። ግን ስታነቡት ከታች በትንሽ ፊደል የበዓልና የስፕሪንግ ብሬክ ሳምንቶች ከቅናሹ ውጭ ተደርገው ታገኟቸዋላችሁ። ቢሰራላችሁም እንኳን የወደብ ታክስና ክፍያው ለልጁም ይከፈላል፣ ቲፑም ብዙዎቹ ጋ ለልጅም ይቆረጣል። ቲፕ በቀን በሰው 18 ዶላር ቢሆን፣ ለአራት ሰው፣ ለሰባት ቀን፣ 504 ዶላር ነው! «ነፃ» ከተባለ በኋላ የመጣ 504 ዶላር።

ሌላው «ሁሉም ነገር ተካቷል» የሚለው ነው፣ ካቢኑ፣ ዋናው ሬስቶራንትና ቡፌው፣ ፑሉ፣ ሾው፣ የልጆች ክለብ አዎ ተካቷል። ለስላሳ መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ ለየት ያሉት ሬስቶራንቶች፣ ወደብ ላይ ወርዶ መዞር፣ መኪና ማቆሚያ አልተካተተም። የሮያል ካሪቢያን የግል ደሴት ኮኮኬይ ላይ እንኳን ትልቁ የውሃ ፓርክ ለብቻው ይከፈልበታል፣ የትንንሾቹ መጫወቻ ግን ነፃ ነው፣ ትንንሽ ልጅ ያለው እዚህ ጋ አሸናፊ ነው። የልጆቹን ስልክም መርከቧ ሳትነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባህር ላይ ለሚይዘው ኔትወርክ የሚመጣው የሮሚንግ ቢል ያስደነግጣል።

«መጨረሻ ላይ ይረክሳል፣ እንጠብቅ»

ጡረታ የወጣችሁ ባልና ሚስት ሆናችሁ ኦክቶበር ላይ የምትሄዱ ከሆነ ጠብቁ። በስፕሪንግ ብሬክ አራት ሰው ከሆናችሁ ግን አትጠብቁ፣ ምክንያቱም አራት ሰው የሚይዝ ካቢን መጀመሪያውኑ ብዙ አይደለም፣ ሁሉም ቤተሰብ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ካቢን ኖሮም «አራት ሰው አይሆንም» ሊላችሁ ይችላል፣ ምክንያቱ የህይወት አድን ጀልባ ነው። እያንዳንዱ የመርከቧ ክፍል የተመደበለት ጀልባ የሚይዘው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ በአካባቢው ያሉ ካቢኖች ሶስትና አራት እየሆኑ ከሞሉ ቀሪዎቹ ካቢኖች አልጋ እያላቸው ሁለት ሰው ብቻ ይሸጥባቸዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ካላንደሩን እንዳወጣ ከአመት በፊትም ቢሆን ዲፖዚት ከፍሎ መያዝ ነው፣ ቀሪውን የምትከፍሉት ከጉዞው በፊት ሶስት ወር ገደማ ሲቀር ነው፣ በመሀል ዋጋ ከወረደ ደውላችሁ አስተካክሉልኝ ማለት ይቻላል፣ እኔ አንዴ ተሳክቶልኛል።

ስለ ካቢኑ ካነሳን አይቀር፣ አራት ሰው ማለት ሁለቱ ልጆች ከጣሪያ ወይ ከግድግዳ በሚወርድ አልጋ ላይ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ከላይ የተኛችው ልጅ ሽንቷ መጥቶ መሰላሉን በጨለማ ስትወርድ እግሯን ፊታችሁ ላይ ማግኘት ነው። አንዳንዴ ውስጥ ለውስጥ በር ያላቸው ሁለት መስኮት የሌላቸው ካቢኖች ከአንድ ባለ በረንዳ ካቢን ብዙም አይበልጡም፣ የሁለቱንም ዋጋ አስልታችሁ አወዳድሩ።

«በስፕሪንግ ብሬክ መርከቡ በሰካራም የኮሌጅ ልጅ ይሞላል»

ይሄን እናቴ ናት የምትለው። ካርኒቫል የሚባለው ካምፓኒ ላይ 21 ያልሞላው ሰው 25 እና ከዛ በላይ የሆነ ዘመድ ወይም አሳዳጊ ከሌለው አይሳፈርም፣ ሮያል ካሪቢያንም ከአሜሪካ ሲነሳ ካቢን ውስጥ 21 የሞላው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የ19 አመት ጎረምሶች ተሰብስበው ካቢን መያዝ አይችሉም። 21 የሞላቸው ግን ይችላሉ፣ እነሱ የሚወዱት ደግሞ የሶስትና የአራት ቀኑን ርካሽ ጉዞ ነው። የሰባት ቀኑ ላይ አያትና ህፃን ይበዛል። ኮሌጆች በአብዛኛው የሚዘጉት ማርች ውስጥ ነው፣ የትምህርት ቤቶች ግን እንደየአካባቢው ሲሆን ብዙዎቹ የፈረንጆቹን ፋሲካ ይጠጋሉ። ፋሲካቸው በ2026 ኤፕሪል 5፣ በ2027 ደግሞ ማርች 28 ነው፣ እና በ2027 ሁለቱ ከወትሮው ይቀራረባሉ ማለት ነው።

«ኪድስ ክለብ ስላለ እኛ እናርፋለን»

ታርፋላችሁ፣ ልጁ ከሶስት አመት በላይ ከሆነና ዳይፐር ከተወ። ዲዝኒ፣ ሮያልና ኖርዌጅያን ላይ ክለቡ የሚጀምረው ከ3 አመት ነው፣ ካርኒቫል ከ2 ይቀበላል። ከዛ በታች ላለ ህፃን ማቆያ ያላቸው መርከቦች አሉ ግን በሰዓት ያስከፍላሉ። ክለቡ ራሱ ቀን ነፃ ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ብዙዎቹ ጋ ክፍያ አለው። ወንድማማች ከሆኑ ደግሞ የዕድሜ ክፍፍሉን እዩት፣ ካርኒቫል ላይ 14 እና 15 አመት ለየብቻ ክለብ ናቸው፣ ታናሽየው «ከወንድሜ ጋር ካልሆነ አልሄድም» ካለ በቃ ከእናንተ ጋር ነው የሚውለው። ምዝገባው በተሳፈራችሁበት ቀን ይከፈታል፣ ቡፌውን ትታችሁ መጀመሪያ እዛ ሂዱ።

ዕረፍት ሲባል ግን ፑል ዳር ማንቀላፋት አይደለም። ዲዝኒና ሮያል ካሪቢያን ፑሉን የሚጠብቅ ላይፍጋርድ አላቸው፣ ሁሉም ካምፓኒ ግን የለውም፣ ቢኖርም አይናችሁን ከልጁ አታንሱ።

«ፓስፖርት አያስፈልግም አሉ»

ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ወደብ ላይ ያስለቅሳል። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዛው የሚመለስ ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ሰርተፍኬትና በመታወቂያ መሄድ ይችላል፣ ከ16 አመት በታች ያለ ልጅ ሰርተፍኬቱ ብቻ ይበቃዋል፣ ግን መንግስት የሰጠው እንጂ ሆስፒታሉ እግሩን ቀለም ነክሮ የሰጣችሁ አይሆንም። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ ልጆቹ ዜጋ፣ ወላጅ ግሪን ካርድ ነው። ግሪን ካርዱ የሚመልሳችሁ ወደ አሜሪካ ነው፣ መርከቧ የምትቆምባቸው ደሴቶች ግን የራሳቸው ህግ አላቸው፣ የዜግነት ፓስፖርታችሁን ሊያዩ፣ እንደ ዜግነታችሁም ቪዛ ሊጠይቁ ይችላሉ። የአንዱ ወደብ ካልተሟላ ካምፓኒው ጭራሽ ላያሳፍራችሁ ይችላል። ጎረቤቴ በሰርተፍኬት ሄደ ብላችሁ አትዘናጉ፣ እያንዳንዱን ደሴት በስሙ አጣሩ።

ለዜጎቹም ቢሆን ፓስፖርቱን ባወጣችሁት እላለሁ፣ ልጅ ታሞ ደሴት ላይ ብትወርዱ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ የሚመልሳችሁ ፓስፖርት ነው። ከ16 በታች ላለ ልጅ ሁለቱም ወላጅ መቅረብ ወይም ያልመጣው በኖታሪ የተረጋገጠ ፈቃድ መስጠት ስላለበት ጊዜ ይፈጃል፣ እና 5 አመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጅ ይዞ ከሄደም የሌላውን የፈቃድ ደብዳቤ በኖታሪ አስፈርሞ መያዝ ነው።

ቶሎ ቶሎ ልለፍ። «አውሎ ነፋስ ያገኘናል» ለሚሉ፣ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ማርችና ኤፕሪል ውስጥ አይደለም። «ህፃኑን ባህሩ ያስመልሰዋል» ለሚሉ፣ የጉዞ ማቅለሽለሽ ይበልጥ የሚያጠቃው ከ2 እስከ 12 አመት ያሉትን ነው፣ ከሁለት አመት በታች ያሉት ብዙም አይነካቸውም፣ መሀል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ካቢን ይረዳል። ኖሮቫይረስ (የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ) ደግሞ አለ፣ ሳኒታይዘር ብዙም አይገድለውም፣ በሳሙና አስታጥቧቸው።

«ከባልቲሞር ከተነሳን በረራ ተረፈ»

በረራው ይተርፋል፣ ሙቀቱም ይተርፋል። ከባልቲሞር ወይ ከኒው ጀርሲ ማርች ላይ ስትነሱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ሁለት ቀን ጃኬት ነው፣ ፑሉን በመስኮት ነው የምታዩት። ዋና ብቻ ለሚፈልጉ ልጆች ፍሎሪዳ ይሻላል።

«በረራው ጠዋት ነው፣ መርከቧ ማታ፣ እንደርሳለን»

የዘመዴ ቤተሰብ እንዲህ ብለው ነው የሄዱት። ቼክኢን መርከቧ ከመነሳቷ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ይዘጋል፣ የመንገደኞቹ ስም ዝርዝር ለመንግስት መተላለፍ ስላለበት ማንም ቢለምን አይከፈትም። ቀጣዩ ወደብ ላይ እንያዛት እንዳይሉ ልጆቹ ፓስፖርት የላቸውም፣ በሰርተፍኬት ናቸው። በረራው ሶስት ሰዓት ዘገየ፣ ከኦርላንዶ ታክሲ ይዘው ፖርት ካናቨራል ሲደርሱ መርከቧ ወደቡን እየለቀቀች ነበር፣ በረንዳ ላይ ያሉ ሰዎች ወደ መሬት እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ትንሿ ልጃቸው ደግሞ ምኑም ሳይገባት ከታክሲው መስኮት ሆና እሷም እጇን እያወዛወዘች ቻው ትላቸዋለች።