የሕንድ የጭንቅላት ማሳጅ፦ የሚያሳርፈውና የሚያስፈራው

«ሻምፑ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ከሳሙና ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ከሂንዲ የመጣ ነው። «ቻምፖ» ሲባል «ጫን ጫን አድርገህ እሸው» እንደማለት ነው። ሕንዶች ራስ ማሸትን ዛሬም «ቻምፒ» ይሉታል። ቃሉን እንግሊዝ አገር ታዋቂ ያደረገው በፓትና የተወለደው ሳኬ ዲን ማሆመድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብራይተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያና የማሳጅ ቤት ከፈተ። ኋላ ላይ ለንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የማሳጅ ባለሙያ ሆኖ እስከመሾም ደረሰ። ጠርሙስ ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣው ነገር ስሙን የወረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕንድ ውስጥ ግን ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው። እናት ዘይት ለብ ታደርግና ልጇን ከፊቷ አስቀምጣ የልጅቱን ራስ ታሻለች። መንገድ ዳር ያሉ ፀጉር ቆራጮችም ይሠሩታል። አዩርቬዳ በሚባለው ባህላዊ ሕክምናም ራስን ዘይት መቀባት የቆየ ቦታ አለው። ዛሬ በየስፓው «የሕንድ የጭንቅላት ማሳጅ» ተብሎ የሚሠራው መልክ ግን የተቀረጸው ለንደን ነው። ከሕንድ የሄደው ዓይነ ስውሩ ናሬንድራ መህታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቤቱን ልማድ ወስዶ የአንገት፣ የትከሻና የፊት እሽት ጨመረበት። በኋላም በኮርስ መልክ አስተማረው። (ዓመቶቹ እዚህም ከታችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሕንድ ሩቅ አይደለም። ባቡሩ በ1902 ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ከአረቡ፣ ከግሪኩና ከአርመኑ ጋር ሕንዱም ሱቁን ከፍቷል። ሐረር ደግሞ ከ1887 በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች በጁገል ውስጥ የሠሯቸው የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች እስካሁን አሉ። ቱሪስት በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም «ራምቦ ቤት» እያለ ፎቶ የሚያነሳውም ሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራስ ማሸትን እነሱ አስተማሩን ማለቴ ግን አይደለም። እኛም ቤት ቅቤ እየተቀባ ራስ ሲታሽ ኖሯል።

ሙሉው ማሳጅ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ልብስ ማውለቅ የለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ባለሙያው ከጀርባ ላይኛው ክፍልና ከትከሻ ይጀምራል። አውራ ጣቱ የሚሄደው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እንጂ በአጥንቱ ላይ አይደለም። ከዚያ ክንድ፣ ማጅራት፣ ቀጥሎ የራስ ቆዳ ይመጣል። እዚህ ጋ ጣቶቹ ፀጉሩ ላይ አይንሸራተቱም። ቆዳውን ይዘው ከራስ ቅሉ በላይ ያንቀሳቅሱታል። በጣት ማበጠር አለ፣ ሁለት መዳፍ ገጥሞ ለስለስ ያለ ምት አለ፣ መጨረሻ ላይ ግንባርንና ሰርን (በዓይንና በጆሮ መካከል ያለውን የራስ ጎን) ማሸት አለ። በዘይትም ያለ ዘይትም ይሆናል።

ፀጉር ቤት ከተቆረጥን በኋላ የምናገኛት የአምስት ደቂቃ ድብደባ የዚህ ታናሽ ወንድም ናት። ትጣፍጣለች፣ አልክድም። «ጨመር አድርግልኝ አቦ» ብዬ አውቃለሁ። ችግሩ መጨረሻዋ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ጥቅሙ ምንድነው? ከሁሉ በፊት ማረፍ። ማጅራትና ትከሻ ላይ ያሉት ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ጭንቅላታችንን ተሸክመው ይውላሉ። ባጃጅ የሚነዳው፣ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰው፣ ስልክ ላይ የተደፋው ሁሉ እነሱን ያደክማቸዋል። ሲደክሙ ራስን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ እንደማሰር የሚሰማ ራስ ምታት ይመጣል። የተለመደው ራስ ምታት ይኸው ነው፤ ማሳጅም በደንብ የሚረዳው ለእሱ ነው። በዚህ ላይ የተደረጉት ጥናቶች አነስተኛ ቢሆኑም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፦ ውጥረት ይቀንሳል፣ ሰውየው ይረጋጋል፣ እንቅልፍም ይሻሻላል። ማይግሬን ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሕመሙ ሲነሳ ፀጉራቸው መነካቱን እንኳ የማይችሉ አሉ።

ለእኛ አካባቢ ሰው አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ጫት የሚቅም ሰው የመንጋጋው ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ከጡንቻዎቹ አንዱ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ሰር ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ማታ ሰሩን ሲያመው ጭንቅላቱ የታመመ ይመስለዋል እንጂ የደከመው መንጋጋው ሊሆን ይችላል። ሰርና ጉንጭን ቀስ ብሎ ማሸት እዚህ ላይ በእርግጥ ያሳርፋል። ግን ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናው ላይ ሆኖ ጠንካራ ማሳጅ ውስጥ መግባት ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ ይብረድለት። የድሬ ሙቀት በራሱም ራስ ያሳምማል። ከማሳጁ በፊት ውሃ ጠጡና እዩት።

የማይሠራውም ይነገር። «መርዝ ያስወጣል» የሚባለው ማስታወቂያ ነው። የደም ግፊት ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ኪኒን ግን አይተካም። ፀጉር ያበቅላል ወይ? በ2016 ጃፓን ውስጥ 9 ወንዶች ለ24 ሳምንታት በየቀኑ 4 ደቂቃ የራስ ቆዳቸውን በመሣሪያ አሹ። የፀጉራቸው ውፍረት በመጠኑ ጨመረ፤ ብዛቱ ግን አልጨመረም። ዘጠኝ ሰው ደግሞ ዘጠኝ ሰው ነው። ጥብቅ ሹሩባ ግንባር ላይ የነቀለውን ፀጉር የሚመልሰው መጀመሪያ ሹሩባውን ማላላት ነው። ፎረፎር ላለበት ራስ ዘይት ማብዛት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ፎረፎር የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ይወዳል።

አሁን ወደዚያች መጨረሻ። ፀጉር ቆራጩ አገጭህን በአንድ እጁ፣ ራስህን በሌላው ይይዝና ድንገት ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል። ቋ! ቀለል ያለህ ይመስልሃል። ይህ ግን የጭንቅላት ማሳጅ አካል አይደለም። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። ድንገተኛ ጥምዘዛ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጥቀው ይችላል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል፤ አንዳንዴ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ሲደርስ ግን ወጣትም ጤነኛም አይልም። ራስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አንገትን ወደኋላ አጥፎ ብዙ መቆየትም የዚሁ ዘመድ ነው። በ1993 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በዚህ ምክንያት የተጎዱ አምስት ሴቶችን በሕክምና መጽሔት ላይ አውጥቷል። ከማጅራት ሥር ፎጣ ይደረግላችሁ፤ የሚያም ከሆነ ቀና በሉ።

እኔ አሁን ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያ ቃሌ «አንገቴን እንዳታዞርብኝ» ነው። አንድ ጊዜ ሳልል ቀርቼ ሦስት ቀን አንገቴን ይዞኝ ከርሟል። ከዚያ አልዘነጋሁም።

ዝም ብሎ የማይታሽ ሰውም አለ። ትኩሳት ያለበት፣ በቅርብ ራሱን ወይም አንገቱን የተመታ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ይቆይ። ስትሮክ የነበረበት፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አጥንቱ የሳሳ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ይጠይቁ። ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ራስ ምታት፣ አፍ መጣመም፣ አንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ከታየ ማሳጅ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚኬደው።

ቆረቆር ወይም ቅማል ያለበት ሰው ታክሞ ይምጣ፤ ካልሆነ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው በማበጠሪያና በፎጣ ይሄዳል። ለደንበኛ ሁሉ አንድ ፎጣ የሚያዞር ቤት ካያችሁ ውጡ።

ዘይቱን በተመለከተ ሕንዶች የኮኮናት፣ የሰሊጥና የአልመንድ ይወዳሉ፤ ሰሜኖቹ የሰናፍጭም ይጠቀማሉ። የሰናፍጩ ቆዳ ያቃጥላል። ሰሊጥና አልመንድ ደግሞ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያሳብጡት ይችላሉ። ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ይረዳል። ራስ የሚያቀዘቅዙት ባለ ሽታ የሕንድ ዘይቶች አብዛኞቹ ካምፎርና ሜንቶል አለባቸው። ሕፃን ባለበት ቤት በእነሱ አትጫወቱ። ካምፎር ሕፃን ከዋጠው ያንፈራግጠዋል። የጨቅላ ራስ ሲቀባ እርግብግቢቱ ላይ ጣት መጫን የለም፤ ቅርጽ ላስይዝ ብሎ መጭመቅም እንዲሁ።

ጊዜው ማታ ቢሆን ይመረጣል። ቀን ተቀብቶ ባጃጅ ላይ የወጣ ሰው የድሬን አቧራ ሁሉ ፀጉሩ ላይ ይዞ ይገባል። ሲያበቃ ቶሎ አትነሱ፤ ሊያዞራችሁ ይችላል። ዘይቱን ሳትታጠቡ የምትተኙ ከሆነ ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ፤ የሰሊጥ ዘይት ከጨርቅ በቀላሉ አይለቅም።