የጥይት ፍጥነት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ምንድን ነው?

ሁለት ኢላማ ተኳሾች በገዛ እጃቸው አምስት አምስት ጥይት ሞሉ፣ ማለትም ባሩዱንና አረሩን ቀለሃ ውስጥ እየከተቱ ጥይቱን ራሳቸው አዘጋጁ እንበል። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት በክሮኖግራፍ ለኩ። የመጀመሪያው በሰከንድ 818፣ 819፣ 820፣ 821 እና 822 ሜትር አገኘ። ሁለተኛው ደግሞ 810፣ 814፣ 820፣ 826 እና 830። አማካዩ የሁለቱም 820 ነው። አማካዩን ብቻ ላየ ሰው ጥይቶቹ መንትያ ይመስላሉ። ግን በጭራሽ አይደሉም።

ይህን ልዩነት አውጥቶ የሚያሳየን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። ልኬቶቹ ከአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበታተኑ በአንድ ቁጥር ይነግረናል። ስሌቱ አያስፈራም። እያንዳንዱ ፍጥነት ከአማካዩ ስንት እንደሚርቅ ያዙ፤ ርቀቱን በራሱ አባዙ፤ ሁሉንም ደምሩ። ድምሩን ከጥይቶቹ ብዛት በአንድ ለሚያንስ ቁጥር (እዚህ ለ4) አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። የመጀመሪያው ተኳሽ 1.6 ገደማ ያገኛል፤ ሁለተኛው 8.2።

ታዲያ ይህ ኢላማው ላይ ምን ያደርጋል? በ100 ሜትር ከሆነ፣ ምንም ማለት ይቻላል። በ810 እና በ830 በወጡት አረሮች መካከል የሚኖረው የከፍታ ልዩነት 4 ሚሊሜትር አይሞላም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በቅርብ ርቀት ቀዳዳዎቹ ተደራርበው ሲያይ ጥይቱ እንከን የለሽ ይመስለዋል። ርቀቱ 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀርፋፋው አረር አየር ላይ ብዙ ስለሚቆይ የመሬት ስበት የሚጎትተው ጊዜ ያገኛል። በዚህ ፍጥነት ለሚተኮስ የተለመደ 6.5 ሚሊሜትር አረር፣ የ20 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ወደ 40 ሴንቲሜትር የከፍታ ልዩነት ይሆናል። ኤፍ ክላስ በሚባለው የረጅም ርቀት ውድድር ደግሞ በ1000 ያርድ የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 25.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ተኳሹ አንድም ስህተት ሳይሠራ፣ ነፋስም ሳይኖር፣ ነጥቡ ገና ጥይቱ ሲሞላ ጠፍቷል ማለት ነው።

ፍጥነቱን የሚያዋዥቀው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚታሰበው የባሩዱ ክብደት ነው። ብዙ ሚዛኖች የሚለኩት እስከ 0.1 ግሬን ድረስ ሲሆን ይህ 6.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ቀለሃው ትኩረት ይገባዋል ባይ ነኝ። የውስጡ ይዘት ከአንዱ ወደ አንዱ ከተለያየ፣ እኩል ባሩድ እኩል ግፊት አይፈጥርም። አረሩን የሚይዘው አንገቱም አለ። ቀለሃ በተተኮሰና መልሶ ቅርጽ በያዘ ቁጥር ናሱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንዱ አረሩን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ይይዛል። አንገቱን በልኩ አሙቀው የሚያለሰልሱት ለዚህ ነው። የተለያየ የምርት ዙር ቀለሃ ቀላቅሎ ሞልቶ የባሩድ ሚዛን ላይ መጨነቅ ልፋትን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሹ ቆብም ከአንድ የምርት ዙር ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ዝቅተኛ ቁጥር ፍለጋ ተብሎ ከባሩዱ አምራች የመጠን ሠንጠረዥ አይወጣም። ከዝቅተኛው መጠን ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይኬዳል፤ ከጣሪያው አይታለፍም። ከልክ ያለፈ ግፊት ጠመንጃ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል። በብዙ አገር ጥይት መሙላት ፈቃድ እንደሚጠይቅም አትርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አምስት ጥይት ተኩሶ «ስታንዳርድ ዲቪዬሽኔ 3 ነው» ማለት አያስተማምንም። በአምስት ጥይት 3 ከወጣ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንል የምንችለው እውነተኛው ቁጥር ከ1.8 እስከ 8.6 ባለው ውስጥ እንዳለ ነው። ምርጥም ሊሆን ይችላል፣ መጥፎም። በ30 ጥይት 3 ቢወጣ ግን ክልሉ ከ2.4 እስከ 4 ይጠባል። አንዱን የባሩድ መጠን በ3፣ ሌላውን በ5 አበላልጦ መምረጥ በአምስት አምስት ጥይት የሚሆን ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ወራት የሚያባክነው ዕድልን እንደ ውጤት ቆጥሮ ነው።

በትልቁና በትንሹ ፍጥነት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የሚያነጻጽሩም አሉ። ይህ ቁጥር ጥይት በጨመረ ቁጥር ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ የአምስት ጥይትን ልዩነት ከሃያ ጥይት ልዩነት ጋር ማወዳደር ሃያውን መበደል ነው።

ሠላሳ ጥይት በአንድ ቀን መተኮስ ከከበደ በየቀኑ ጥቂት እየተኮሱ ማጠራቀም ይቻላል። ግን የባሩድ ጉልበት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ የሞቃት ቀንና የቀዝቃዛ ቀን አማካይ አንድ አይሆንም። የሁለት ቀን ፍጥነቶችን ዝም ብሎ አንድ ላይ ማስላት ቁጥሩን ያለ ጥፋቱ ያሳብጠዋል። እያንዳንዱ ጥይት ከራሱ ቀን አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይያዝና እነዚያ ርቀቶች ናቸው አንድ ላይ የሚሰሉት። ሲካፈልም ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ይቀነሳል፤ በሦስት ቀን ለተተኮሱ 30 ጥይቶች የሚካፈለው ለ27 ነው።