የባሕር ክሮኖሜትር ምንድን ነው?

የባሕር ክሮኖሜትር መርከብ በማዕበል እየተናጠች፣ ሙቀትና ብርድ እየተፈራረቀባት ለወራት ስትጓዝ የአንድን የታወቀ ቦታ ሰዓት ይዞ የሚዘልቅ ሰዓት ነው። ዋና ሥራው ለመርከበኞች ጊዜን መንገር ሳይሆን በውቅያኖስ ላይ የት እንዳሉ እንዲያውቁ ማስቻል ነው።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ የሁለት ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ከታወቀ የኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው አቀማመጥ) ልዩነታቸውም ይታወቃል። አትላንቲክ ላይ ያለ መርከበኛ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ሲሆን፣ የግሪኒችን (ኬንትሮስ ከዜሮ የሚቆጠርበት የለንደን ሥፍራ) ሰዓት የያዘው ክሮኖሜትር 9 ሰዓት ቢያሳየው፣ ከግሪኒች በስተ ምዕራብ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። የፀሐይ ቀትር ከሰዓት ቆጠራው በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ ይህችን ልዩነት ከሰንጠረዥ እያየ ያርማታል።

ኬክሮስን (ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን አቀማመጥ) ለማወቅ የቀትር ፀሐይን ወይም የሰሜን ኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃ ነበር። ኬንትሮስ ግን ለዘመናት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በ1707 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአድሚራል ክላውድዝሊ ሾቨል የሚመራው የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ ያለበትን ቦታ ስቶ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ባሉት ሲሊ ደሴቶች አጠገብ ከዐለት ጋር በመላተሙ አራት መርከቦች ሰጥመው ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ለሚያሳውቅ ሰው 20,000 ፓውንድ እንደሚሰጥ በሕግ ወሰነ። ግማሽ ዲግሪ በሰዓት ሲመነዘር 2 ደቂቃ ነውና፣ ለስድስት ሳምንት ጉዞ ሰዓቱ በቀን ከ3 ሰከንድ ያነሰ ስሕተት ብቻ ይፈቀድለታል ማለት ነው። በፔንዱለም (ወዲያ ወዲህ በሚወዛወዝ ዘንግ) የሚሠራው የዘመኑ ምርጥ ሰዓት የብስ ላይ ይህን ይችል ነበር፤ በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ግን ከንቱ ነው።

መልሱን ያገኘው በአናጺነት ሙያ ያደገው ጆን ሃሪሰን ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዓቶችን ከሠራ በኋላ በ1759 ያጠናቀቀው አራተኛው ግን ዙሪያው ክብ፣ የፊቱ ስፋት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ የኪስ ሰዓት ይመስላል። በፔንዱለም ፈንታ በጥቅል ሞላ የሚመራ ፈጣን መንኮራኩር አለው፤ ከተጣበቁ ነሐስና አረብ ብረት የተሠራ ስስ ቁራጭም ሙቀት ሲለዋወጥ እየታጠፈ የሞላውን ጉልበት ያስተካክላል። ከብዙ ዓመታት ልፋት የተገኘው ይህ ብልሃት እጅግ ያስደንቀኛል።

ብዙዎች ጥሩ ክሮኖሜትር ማለት ፈጽሞ የማይሳሳት ሰዓት ይመስላቸዋል። ዋናው ነገር ግን ስሕተቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በየቀኑ 2 ሰከንድ የሚዘገይ ሰዓት በ30ኛው ቀን 60 ሰከንድ እንደዘገየ ይታወቃልና ሒሳቡ ይስተካከላል፤ ዛሬ ፈጥኖ ነገ የሚዘገይ ግን ምንም አይረዳም። የሃሪሰን አራተኛ ሰዓትም በ1761 በልጁ በዊልያም እጅ ወደ ጃማይካ ተጉዞ፣ የቀን ተቀን ልዩነቱ ከታሰበ በኋላ፣ ከ81 ቀን በኋላ የተገኘበት ስሕተት 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር።

አንድ ሰዓት ብቻውን ጠባዩ ቢለወጥ የሚያጋልጠው የለም፤ ሁለት ከሆኑም የትኛው እንደተሳሳተ አይለይም። በዚህ ምክንያት በ1831 ለባሕር ቅየሳ የወጣችው ቢግል የተባለች መርከብ 22 ክሮኖሜትሮች ይዛ ነበር፤ በየዕለቱም እርስ በርስ ይነጻጸሩ ነበር።