ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመምህራን ትምህርት አመራር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህር መሆን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚሄዱት የሁለት ዓመት ትምህርት ወደሚሰጠው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ዴይኬር ውስጥ የምትሠራ እናት፣ አገር ቤት ሲያስተምር የኖረ አባት፣ ትምህርት ቤት በረዳትነት የተቀጠረ ወጣት ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። ስለ ክፍያውና ስለ ማታ ክፍሉ ብዙ ይወራል። ፕሮግራሙን ማን እንደሚመራው፣ መሪውስ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ግን አይነሳም። ተማሪው ዓመታት የሚያተርፈውም የሚያባክነውም በዚህ ሰው ሥራ ስለሆነ ጉዳዩ ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህር አያወጣም፤ ስለዚህ የሚመራም ነገር የለም»

ግማሹ እውነት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማስተማር በአሜሪካ ባችለር ዲግሪና የክፍለ ግዛቱ የማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ብቻውን እዚያ አያደርስም። ነገር ግን የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ (ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቀድሞ የሚጠራበት ስም ነው) በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ ሲከፈት የታሰበው ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እዚያው ቤቱ አጠገብ እንዲጨርስ ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ ካሉት መምህራን ብዙዎቹ ከትምህርታቸው ከፊሉን የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለሕፃናት አስተማሪዎች ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋናው ማሠልጠኛ ነው።

ከዚያም አልፎ ባችለር የሚሰጡ አሉ። ፍሎሪዳ የቅዱስ ፒተርስበርግን ጁኒየር ኮሌጅ በ2001 የአራት ዓመት ዲግሪ እንዲሰጥ ስትፈቅድለት ከመጀመሪያዎቹ መስኮች አንዱ የመምህራን ትምህርት ነበር። አሪዞና በ2021 ሕግ አወጣች፤ አሥር ኮሌጆች ያሉት የማሪኮፓ ሥርዓት ደግሞ በ2023 የመጀመሪያዎቹን የባችለር ተማሪዎች ሲቀበል ትምህርት ከመስኮቹ መካከል ነበር። ዲግሪ አስቀድሞ ላለው ሰውም ሌላ በር አለ። ሜሪላንድ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባችለር ያላቸውን ሰዎች ለማስተማር ፈቃድ የሚያበቃ ፕሮግራም አለው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም የሥራ መስካቸውን ቀይረው ወደ መምህርነት ለሚመጡ የተዘጋጀ ሥልጠና ይሰጣሉ። የአገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ዲግሪውን በታወቀ ገምጋሚ ተቋም ካስገመገመ በኋላ ይህን በር ሳያንኳኳ ከዜሮ መጀመር የለበትም።

«መሪው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነው፤ ወይም ዲኑ»

በወረቀት ላይ አዎ። ፕሬዚዳንቱ በጀቱን፣ ዲኑ የትምህርት ክፍሎቹን ይይዛሉ። የመምህራን ትምህርት ፕሮግራሙን ከቀን ቀን የሚያንቀሳቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አስተባባሪ ነው። አስተባባሪዋ ራሷ መምህርት ናት፤ ለማስተባበሩ ሥራ የሚቀነስላት አንድ ሁለት ክፍል ቢሆን ነው። በቀረው ጊዜ ታስተምራለች፣ ታርማለች፣ ተማሪ ታማክራለች።

የዚህ አመራር ልዩ ባሕርይ እዚህ ላይ ይታያል። አስተባባሪዋ የምትፈልገው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ነው። ክሬዲት የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲው ነው። የተግባር ልምምድ ቦታ የሚሰጠው የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። የፈቃዱን መስፈርት የሚያወጣው ክፍለ ግዛቱ ነው። ተማሪውን መጀመሪያ የሚያገኘውና ኮርስ የሚያስመዘግበው አማካሪ እንኳ ተጠሪነቱ ለሌላ ክፍል ነው። በማንኛቸውም ላይ ትእዛዝ መስጠት አትችልም። ስለዚህ ሥራዋ ማግባባት፣ መደራደር፣ የተፈረመው ነገር ሥራ ላይ መዋሉን መከታተል ነው። ሥልጣን ሳይኖር መምራት ከሥልጣን ጋር ከመምራት ይከብዳል። ኮሌጆች ለዚህ ሥራ የሚመድቡት ጊዜ ግን ከክብደቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው።

አስተማሪዎቹም በአብዛኛው የትርፍ ሰዓት ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህራን ሁለት ሦስተኛ ገደማው አድጀንክት የሚባሉት ናቸው። ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፣ ማታ ወደ ኮሌጁ ይመጣሉ። ከክፍል የመጣ ትኩስ ልምድ ስላላቸው ለተማሪው ጥቅም አለው። ግን ቢሮ የላቸውም፣ ለስብሰባ አይከፈላቸውም። አንድ ኮርስ በአምስት አድጀንክቶች ሲሰጥ አምስት የተለያየ ኮርስ እንዳይሆን የምትጠብቀው ያቺው አስተባባሪ ናት።

«ትራንስፈር የተማሪው ጉዳይ ነው፤ ክሬዲት ደግሞ የትም ያልፋል»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ አየዋለሁ።

በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው መካከል የዝውውር ስምምነት በሌለበት ተማሪው 60 ክሬዲት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ መዝጋቢው ኮርሶቹን አንድ በአንድ ይመረምራል። «የልጆች ዕድገት» የሚለው ኮርስ እዚያ ካለው ጋር በርዕስም በይዘትም ካልገጠመ ክሬዲቱ አይጣልም፤ ግን ከዋናው መስክ ወጥቶ ወደ ምርጫ ኮርስ ይገባል። በወረቀት ላይ 60 ክሬዲት አለፈ ይባላል። በተግባር ተማሪው ተመሳሳይ ኮርስ በዩኒቨርሲቲ ዋጋ እንደገና ይከፍላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከሆነ እዚያ ላይ ሊያቆም ይችላል።

ሜሪላንድ ለዚህ ችግር የሰጠችው መልስ አመራር ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። በ2001 በሥራ ላይ የዋለው «አሶሺየት ኦፍ አርትስ ኢን ቲቺንግ» የተባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ የተነደፈው ከሁለትና ከአራት ዓመት ተቋማት የመጡ መምህራንና ዲኖች አብረው ተቀምጠው ነው። የኮርስ ርዕስ ከማመሳከር ይልቅ «ተማሪው ሁለተኛውን ዓመት ሲጨርስ ምን ማወቅና ምን መሥራት ይችላል?» በሚለው ተስማሙ። በውጤት ከተስማሙ በኋላ እያንዳንዱ ኮሌጅ ኮርሱን በራሱ መንገድ ቢያደራጅ ችግር የለውም። ዲግሪውም ኮርስ በኮርስ ሳይበተን እንደ አንድ ጥቅል ወደ ክፍለ ግዛቱ የአራት ዓመት ተቋማት ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባልደረቦቻቸው ሥራ ላይ መተማመን ነበረባቸው። ያን መተማመን የገነባው ወረቀቱን ያረቀቁት ሰዎች ደጋግመው መገናኘታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ስምምነት አንዴ ተፈርሞ አይቀመጥም። ዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርቱን ሲቀይር፣ ክፍለ ግዛቱ የፈቃድ ፈተናውን ሲያሻሽል፣ የፈረመው ዲን ሥራ ሲለቅ ስምምነቱ ይሻግታል። እየተከታተለ የሚያድሰው ሰው ከሌለ ጉዳቱ ተማሪው ላይ የሚታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስገባ። «አሶሺየት ዲግሪ» ሁሉ አንድ አይደለም። በሕፃናት ትምህርት የሚሰጠው «አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» በዋናነት የታሰበው ተመራቂው በቀጥታ ሥራ እንዲገባ ነው፤ ወደ ባችለር ሲሻገር ሁሉም ክሬዲት ላይቆጠር ይችላል። ለዝውውር የተዘጋጀው ዲግሪ ሌላ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ልዩነቱን ተማሪው ማወቅ ያለበት በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። በኮሌጁ ገጽ ላይ የሁለቱ ስም ተቀራራቢ ሆኖ ሲቀመጥና ማንም ሳያስረዳ ሲቀር ጥፋቱ የአመራሩ እንጂ የተማሪው አይደለም።

«ሁሉንም የሚቀበል ኮሌጅ ደረጃው ዝቅተኛ ነው፤ መሪዎቹም ስለ ጥራት አይጨነቁም»

ሲገቡ ክፍት መሆንና ሲወጡ ክፍት መሆን ይለያያሉ። የሜሪላንዱ ዲግሪ ሲነደፍ 2.75 አጠቃላይ ውጤትና ፕራክሲስ የሚባለውን የመምህርነት ፈተና መሠረታዊ ክፍል ማለፍን ይጠይቅ ነበር። በሕፃናት ትምህርት መስክ ኤንኤኢዋይሲ (NAEYC) የሚባለው የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር የአሶሺየት ዲግሪ ፕሮግራሞችን ገምግሞ ዕውቅና ይሰጣል። ዕውቅናውን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ፕሮግራሙ ተማሪዎቹ በተግባር የሠሩትን ሥራ ሰብስቦ፣ ውጤቱን ተንትኖ፣ በደከመበት ቦታ ምን እንዳስተካከለ ማሳየት አለበት።

አንድ ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት ስታስቡ «ዕውቅና አላችሁ? ከማን?» ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ መሪ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል።

«ተማሪዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ልጆች ናቸው»

አይደሉም፤ አብዛኞቹ የትርፍ ሰዓት ተማሪዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ሥራና ልጆች አሏቸው። ይህ ለመሪው ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል፦ ቀን የምትሠራ ሴት የተግባር ልምምዷን መቼ ትሥራ? ትምህርት ቤት የሚከፈተው ቀን ነው። ልምምዱ ያለ ክፍያ ከሆነና ሥራዋን እንድትለቅ ካስገደዳት ፕሮግራሙ ለእርሷ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ማስታወቂያው የፈለገውን ቢል።

መልሱ አለ። ልምምዱን በሥራ ቦታዋ፣ ብቁ በሆነ ሰው ተቆጣጣሪነት እንድትሠራ መፍቀድ አንዱ ነው። ቴነሲ በጥር 2022 ከፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኘችበት፣ መምህርነትን ደመወዝ እየተከፈለ የመማር አሠራር ሌላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተከትለዋታል። ሁለቱንም ለማስጀመር ግን ከአሠሪው ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር የኮሌጅ መሪ ያስፈልጋል።

በዲሲ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች ይህን በሚገባ ያውቁታል። የከተማዋ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ደንብ በማዕከል ውስጥ ያለች ዋና አስተማሪ አሶሺየት ዲግሪ፣ ረዳቷ ደግሞ ሲዲኤ የሚባለውን የሕፃናት አስተማሪነት የምስክር ወረቀት እንድትይዝ ጠየቀ። ሲዲኤ 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ለዓመታት ልጆች ያሳደጉ፣ እንግሊዝኛቸው ግን ለኮሌጅ ጽሑፍ ያልደረሰ ብዙ ሴቶች በአንድ ጊዜ ወደ ትምህርት ተገፉ፤ የማለቂያ ቀኑም ተራዝሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ መሪው ሲዲኤው ወደ ክሬዲት እንዲቀየር፣ ክሬዲቱም ወደ ዲግሪው እንዲቆጠር ካላደረገ እነዚህ ሴቶች አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይማራሉ።

«ብዝኃነት ለብሮሹር ነው»

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ2020–21 የትምህርት ዓመት ከመምህራኑ 80 በመቶው ነጮች ነበሩ፤ ከተማሪዎቹ ግን ነጮቹ ከግማሽ በታች ናቸው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ስብጥር ከመምህራኑ ይልቅ ወደ ልጆቹ ይቀርባል። ስለዚህ ልጆቹን የሚመስል መምህር ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች ትልቁ ይህ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ለወላጆች መልእክት ከሚተረጎምባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማ መምህር ለእነዚያ ቤተሰቦች ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

መመዝገብ ብቻውን ግን መምህር አያደርግም። ተማሪዎች የሚወድቁባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ የሒሳብ መግቢያ ኮርስ፣ የፕራክሲስ ፈተና፣ የዝውውሩ ወቅት። ማን የት እንደቆመ በስም የማይከታተል መሪ በመጀመሪያው ቀን የነበረውን ፎቶ እያሳየ ይኖራል።

«አመራሩ ውስጥ እኛ ቦታ የለንም»

አለን። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አማካሪ ኮሚቴ አላቸው፤ አሠሪዎችን፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን፣ የቀድሞ ተማሪዎችን ይጋብዛሉ። በአካባቢው ዴይኬር የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። የኮሌጁን ተማሪዎች ለልምምድ የሚቀበሉት፣ ተመራቂዎቹንም የሚቀጥሩት እነርሱ ናቸው። ወደ ትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ኢሜይል ጽፎ «ማዕከሌ ውስጥ ተለማማጅ መቀበል እችላለሁ፤ ኮሚቴያችሁስ መቼ ይሰበሰባል?» ማለት ይበቃል። ልምምድ የሚሰጥ ቦታ ሁልጊዜ ስለሚያጥር አስተባባሪዋ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳት ቶሎ የምትመልስበት ምክንያት አላት። ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የማታ ክፍል ስንት ሰዓት ይጀመር፣ የአገር ቤት የትምህርት ማስረጃ እንዴት ይታይ፣ ሲዲኤ ስንት ክሬዲት ይቆጠር የሚሉትን ጥያቄዎች ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት ማንሳት ይችላል።