«አክተር አይሞትም» እና ሌሎች ስለ ተከታታይ ድራማ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ተከታታይ ድራማ አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል። ክፍሉ እንዳለቀ ክርክሩ ይጀምራል። «እሷ ባትኖር እንዴት ያምር ነበር!» «ደራሲዎቹ መጨረሻው ጠፍቷቸው ነው።» «እሱን ለምን ይገድሉታል?» ይህን ክርክር በጣም እወደዋለሁ። የድራማው ግማሽ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ችግሩ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞሩ ኖረው እንደ እውነት የተያዙ አንዳንድ ነገሮች ስህተት ናቸው። በእነሱ የተነሳ ጥሩ ታሪክ ስሙ ጎድፏል። ጎበዝ ተዋናዮችም ያለ ጥፋታቸው ተሰድበዋል።

ከመጀመሬ በፊት፦ የበርካታ ድራማዎችን መጨረሻ እናገራለሁ። ጌም ኦፍ ትሮንስን፣ ሎስትን፣ ሀው አይ ሜት ዩር ማዘርን፣ ዘ ጉድ ዋይፍን ወይም ብሬኪንግ ባድን ገና ካላያችሁ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን አቆዩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አክተር አይሞትም»

ይህን ያልሰማ የለም። «አክተሩ» ስንል ዋናውን ሰው ማለታችን ነው። ሕንፃ ይደረመስበታል፣ ጥይት ይዘንብበታል፣ እሱ ግን አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ስለዚህ ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2011 ሲጀመር አክተሩን ለመለየት ማንም አልተቸገረም። ኔድ ስታርክ ነው። ፖስተሩ ላይ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። የሚጫወተው ሾን ቢንም ቀድሞ በፊልም ስም ያወጣ ተዋናይ ነበር። በዘጠነኛው ክፍል አንገቱ ተቀላ።

«ለማስደንገጥ ብለው ነው የገደሉት» የሚል አስተያየት እስካሁን ይሰማል። አይደለም። ኔድ የንግሥቲቱን ምስጢር፣ ልጆቿ የንጉሡ እንዳልሆኑ፣ ሲደርስበት በቀጥታ ለንጉሡ አልነገረም። መጀመሪያ ለራሷ ነገራት፤ ልጆችሽን ይዘሽ ሽሺ አላት። ለልጆቹ አዝኖ ነው። እሷ ደግሞ ባገኘችው ፋታ ቀደመችው። ሰውየው የሞተው በገዛ ባሕርዩ ነው። ያኔ የምንወድለት ደግነት ነው የገደለው። ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ የታተመው በ1996 ስለሆነ፣ አንባቢዎቹ ይህን ሞት ለ15 ዓመት ያህል ያውቁት ነበር። እያወቁም ቁጭ ብለው አዩት።

«ጥሩ መታጠፊያ ማለት ማንም ያልገመተው ነው»

መታጠፊያ የምለው ታሪኩ ድንገት አቅጣጫ የሚቀይርበትን ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ታሪክን የምንመዝነው በድንጋጤያችን ነው። ቀድመን ከገመትነው ደራሲው ደካማ፣ ካስደነገጠን ሊቅ ይሆናል። ማስደንገጥ ግን ከባድ ሥራ አይደለም። ዳላስን ውሰዱ። ቦቢ ዩዊንግን የሚጫወተው ፓትሪክ ዳፊ በ1985 ድራማውን ለቀቀ። ቦቢም በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ዓመት ቆይቶ ተዋናዩ ለመመለስ ተስማማ። ታዲያ ምን አደረጉ? በ1986 የሲዝኑ መጨረሻ ላይ የቦቢ የቀድሞ ሚስት ፓም ከእንቅልፏ ትነቃለች፣ ሻወሩን ስትከፍት ቦቢ ቆሞ ይታጠባል። በኋላ ሲገለጽ፣ ያ ሙሉ ሲዝን የእሷ ሕልም ነበር ተባለ።

ማንም አልገመተውም። እንዴት ይገመት? አንዲት ፍንጭ አልነበረችም። ሰው ዓመት ሙሉ የተከታተለው ፍቅርና ጠብ፣ ያለቀሰበትም ሁሉ፣ በአንድ ጠዋት ተሰረዘ። እኔ ይህን መታጠፊያ አልለውም። የተመልካችን ጊዜ አለማክበር ነው።

ጥሩ መታጠፊያ ሁለተኛ ስታዩት ይጠነክራል። «ለካ ነግረውኝ ነበር!» ያሰኛል። ስለዚህ አንድ ተመልካች ቀድሞ ገመተ ማለት ደራሲው ወደቀ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ፍንጮቹ በትክክል መቀመጣቸውን ነው።

ከዚሁ ጋር የስፖይለር፣ ማለትም መጨረሻውን ቀድሞ የመናገር፣ ነገር አለ። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን አጫጭር ልብ ወለዶች አስነበቡ። መጨረሻው ቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን በአማካይ የበለጠ ወደዷቸው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ተቃራኒውን አግኝተዋል፤ ነገሩ አላለቀም። «ስፖይለር ታሪክን ሙሉ በሙሉ ይገድላል» የሚለው ግን የተጋነነ ነው። ይህ ያላየ ሰው ፊት መጨረሻውን ለመዘርገፍ ፈቃድ አይደለም። ያንን ሰው የሚያስቀይመው ምርጫውን መነጠቁ ነው።

«ሎስት ላይ ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር»

ይህኛው ያንገበግበኛል። እኔ ራሴ ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ፤ ሰውም አሳምኜበታለሁ። ድራማውን ደግሜ ሳየው ነው የነቃሁት።

ሎስት በ2004 ተጀምሮ በ2010 አለቀ። አውሮፕላን ይከሰከሳል፣ የተረፉት ሰዎች ምስጢር የሞላበት ደሴት ላይ ይቀራሉ። ገና በመጀመሪያው ሲዝን ብዙ ተመልካች «እነዚህ ሰዎች ሞተዋል፣ ደሴቱ የነፍስ ማቆያ ነው» ብሎ ገመተ። አዘጋጆቹ ደጋግመው አይደለም አሉ። በመጨረሻው ሲዝን ግን አዲስ ነገር መጣ። ከደሴቱ ታሪክ ጎን ለጎን፣ አውሮፕላኑ ያልተከሰከሰበት ሌላ ሕይወት ይታያል። ከሞት በኋላ ያለው ያ ጎን ለጎን የሚሄደው ሕይወት ብቻ ነው። በመጨረሻው ክፍል የዋናው ሰው የጃክ አባት ይህን በግልጽ ለልጁ ያስረዳዋል። የሆነው ሁሉ እውነት ነው ይለዋል። ሁሉም ሰው በየራሱ ጊዜ እንደሞተ ይነግረዋል፤ አንዳንዱ ከጃክ በፊት፣ አንዳንዱ ከእሱ በኋላ ብዙ ኖሮ።

ሌላው ማስረጃ ዓይናችን ፊት ነው። ጃክ ደሴቱ ላይ ወድቆ ሲያጣጥር በላዩ አውሮፕላን ያልፋል። ኬት፣ ሶየር፣ ክሌርና ሌሎችም ውስጡ አሉ። ሁሉም ድሮ ሞተው ከነበር እነዚህ ሰዎች ያመለጡት ከምን ነው? የጃክስ መሥዋዕትነት ለማን ነው?

ታዲያ ስህተቱ ይህን ያህል ለምን ተስፋፋ? አንዱ ምክንያት ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ፣ ስሞች በሚያልፉበት ሰዓት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀ ባዶ የአውሮፕላን ስብርባሪ ታየ። ሰው የለም። ብዙዎች «በቃ፣ ማንም አልተረፈም ማለት ነው» ብለው ተረዱት። ምስሎቹን የጨመረው ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ነው። ከድራማው ስሜት በቀጥታ ወደ ዜና ከመግባት በፊት ለተመልካች የትንፋሽ ጊዜ ለመስጠት ነበር። የታሪኩ ክፍል አልነበሩም። ለስድስት ዓመት የተለፋበት ታሪክ በዚያች ቅጽበት ለብዙ ሰው ትርጉሙ ተገለበጠ።

መጨረሻውን አለመውደድ መብት ነው። ያልተመለሱ ጥያቄዎችም አሉበት። የምንጠላው ግን የተባለውን ይሁን፤ ያልተባለውን አይሁን።

«ከመጀመሪያው ሁሉንም አቅደውት ነበር»

ድራማ ሲያምር እንዲህ እንላለን። ሲያስጠላን ደግሞ «መጨረሻ ላይ ቀየሩት» እንላለን። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

ብሬኪንግ ባድ የተሟላ ዕቅድ ያለው ይመስላል። ግን የዋናው ሰው የዋልተር ኋይት አጋር ጄሲ ፒንክማን በመጀመሪያው ሲዝን እንዲሞት ታስቦ ነበር። ጄሲን የሚጫወተው አሮን ፖል የሚሠራውን ሲያይ ደራሲው ቪንስ ጊሊጋን ሐሳቡን ቀየረ። ያለ ጄሲ ያንን ድራማ አስቡት እስኪ! የዚሁ ድራማ ማይክም በዕቅድ የመጣ አይደለም። የጠበቃውን ሶል ጉድማንን ሚና የሚጫወተው ቦብ ኦደንከርክ ለአንድ ክፍል ቀረጻ ሌላ ሥራ ገጠመው። እሱ ሊሠራው የነበረውን ትዕይንት የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ማይክ ተፈጠረ። የሎስቱ ቤን ለጥቂት ክፍሎች ብቻ የታሰበ እንግዳ ነበር፤ ማይክል ኤመርሰን ሲጫወተው ከድራማው ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ሆነ። ጃክ ራሱ በመጀመሪያው ክፍል እንዲሞት ታስቦ ነበር።

አሁን ተቃራኒውን እዩ። ሀው አይ ሜት ዩር ማዘር ላይ ቴድ የተባለ አባት እናታቸውን እንዴት እንዳገኛት ለልጆቹ ይተርካል። በ2014 ሲያልቅ ቁጣው ከባድ ነበር። ዘጠኝ ሲዝን ሙሉ የተጠበቀችው እናት ሞታ፣ ቴድ ወደ ድሮ ፍቅረኛው ወደ ሮቢን ተመለሰ። «አዘጋጆቹ መጨረሻ ላይ ጠፋባቸው» ተባለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጆቹን የሚጫወቱት ወጣቶች እያደጉ መልካቸው ስለሚቀየር፣ የመጨረሻው የልጆቹ ትዕይንት የተቀረጸው ገና በሁለተኛው ሲዝን አካባቢ፣ በ2006 ነው። ለዓመታት ተቆልፎበት ተቀመጠ። በመካከሉ ገጸ ባህሪያቱ ሌላ ቦታ ደረሱ። የሮቢንና የቴድ ጓደኛ የባርኒ ፍቅር በሰለ። ዘጠነኛው ሲዝን ከሞላ ጎደል የእነሱ ሠርግ ነበር። እናቲቱም መጥታ በክሪስቲን ሚሊዮቲ ትወና የሰው ልብ ገባች። መጨረሻው ግን ያው የ2006ቱ ነው። እኔ እንደማየው መጨረሻውን የጎዳው ዕቅድ ማጣት አይደለም። ዕቅዱን አለመልቀቅ ነው።

«ገጸ ባህሪው የሞተው ደራሲው ስለጠላው ነው»

ይህ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ተዋናዩ ራሱ መሄድ ይፈልጋል። በዘ ጉድ ዋይፍ ጠበቃው ዊል ጋርድነር በ2014 ፍርድ ቤት ውስጥ በጥይት ሲሞት ተመልካቹ ደራሲዎቹን ወቀሰ። ዊልን የሚጫወተው ጆሽ ቻርልስ ግን ከድራማው ለመውጣት የወሰነው በራሱ ነበር። ደራሲዎቹ ማድረግ የቻሉት መውጫውን ማሳመር ብቻ ነው።

«ዴነሪስ ድንገት አበደች»

በ2019 ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የጌም ኦፍ ትሮንስ ስምንተኛ ሲዝን እንደገና ይሠራ ብለው ፈረሙ። አልተሠራም። የቁጣው አንዱ ምክንያት ዙፋኑን ለመያዝ የምትታገለው ዴነሪስ ነበረች። ከተማው እጁን ሰጥቶ፣ ደወሉ ተደውሎ ሳለ፣ ሕዝቡን በዘንዶ እሳት አቃጠለችው።

ምልክቱ አልነበረም ማለት ግን ልክ አይደለም። በአራተኛው ሲዝን 163 የባሪያ ጌቶችን በእንጨት ላይ ቸንክራለች። በሰባተኛው ሲዝን አልንበረከክም ያሏትን አባትና ልጅ በእሳት አቃጥላለች። ያኔ እናጨበጭብ ነበር፤ የተቀጡት መጥፎ ሰዎች ስለመሰሉን። ይህን ማመን ያማል፣ ግን እውነት ነው።

የተመልካቹ ቅሬታ ባዶ ነውም አልልም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው። ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ብቻ ሆኑ። ዘሩ ተዘርቷል፤ የሚበቅልበት ጊዜ ነው የጠፋው። በኔ ግምት «አይመስለኝም ነበር» እና «ፈጠነብኝ» ሁለት የተለያዩ ቅሬታዎች ናቸው፤ የሚያስኬደው ሁለተኛው ነው።

«ስካይለር ድራማውን ታበላሻለች»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በብሬኪንግ ባድ ዋልተር ኋይት አደንዛዥ ዕፅ ያበስላል፣ ሰው ይገድላል፣ ልጅ ይመርዛል። ተመልካቹ ከማን ጋር ተጣላ? ከሚስቱ ከስካይለር። «ነዝናዛ ናት» ተባለ። «ሰውየው ለቤተሰቡ እየለፋ እሷ ታደናቅፈዋለች» ተባለ። ጥላቻው ከገጸ ባህሪዋ አልፎ ወደ ተዋናይዋ አና ገን ደረሰ። በነሐሴ 2013 እሷ ራሷ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈች። ሰዎች በስካይለር ላይ ያላቸው ጥላቻ ወደ እሷ እንደዞረ፣ ሊጎዷት የሚመኙም እንዳሉ ተናገረች።

ብዙ ሰው «ጥላቻው የመጣው በደንብ ስላልተጻፈች ነው» ይላል። እስቲ ያደረገችውን ቁጠሩ። ባሏ ሲዋሻት አወቀች። እርጉዝ ሆና ብቻዋን ቀረች። ማን እንደሆነ ስትደርስበት ከቤት እንዲወጣ ጠየቀችው። ልጆቿን ከእሱ ለማራቅ ሞከረች። በኋላም ፈርታና ተፈትና በጥፋቱ ውስጥ ገባች። ይህ ደካማ አጻጻፍ አይደለም። የታሪኩ ዓይን ያለው ዋልተር ላይ ስለሆነ፣ እሱን የሚያስቆም ሁሉ እንቅፋት መስሎ ይታየናል። ካሜራው ከእሷ ጋር ቢሄድ ኖሮ ያው ታሪክ የአስፈሪ ሰው ታሪክ ነበር። አና ገን በ2013 እና በ2014 በዚሁ ሚና የኤሚ ሽልማት ወስዳለች።

በመጨረሻው ሲዝን አንድ የስልክ ትዕይንት አለ። ዋልተር ሕፃኗን ይዞ ሸሽቷል። ደውሎ ስካይለርን ይሰድባታል። አመስጋኝ አይደለሽም፣ ሁልጊዜ ታለቃቅሻለሽ፣ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ብቻዬን ነኝ ይላታል። ያንን ሲሰሙ «እሰይ፣ ይበላት!» ያሉ ተመልካቾች ነበሩ። ስድቡ እነሱ ለዓመታት ሲሏት የኖሩት ነውና። ግን ዋልተር ፖሊሶች አጠገቧ ሆነው እንደሚሰሙ ያውቃል። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎ እሷን ነፃ ለማውጣት ነው የሚሳደበው። እየተሳደበም ያለቅሳል።

ያንን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። በዚህኛው ጊዜ እሱን ተዉትና እሷን ተመልከቱ። መጀመሪያ ትደነግጣለች። ከዚያ መሃል ላይ ምን እያደረገላት እንደሆነ ይገባታል። ፊቷ ይለወጣል፣ እንዳወቀች ግን አታስነቃም። ፖሊሶቹ አጠገቧ ቆመው አላዩም።