መቃብር ሲቆፍር የኖረው ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እህቶች።

ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ልጅ ሞተ። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳን አልፎ ነበር። ቀን ጫት፣ ማታ ለጨብሲ አረቄ። በኋላ ጫቱም ቀረና አረቄው ብቻ ሆነ። ጉበቱ አልቻለም።

እናቱ የእድር መዋጮ ከከፈሉ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። ብሩ የት እንደሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጃቸውን ሆስፒታል ሲያመላልሱ ነው ያለቀው። ሰብሳቢው ደንቡን አነበቡ። ድንኳንና ወንበር ይሰጣል፣ ገንዘቡ ግን አይወጣም ተባለ። እማማ ምንም አልተናገሩም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የተጣጠፈ ሦስት መቶ ብር አወጡ። "ለሳጥኑ ይበቃ ይሆን?" አሉ።

ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ራሱ ጠርቶት ነው" አለኝ። እኔም "እሱስ ልክ ነህ" አልኩት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እማማ ከእኛ ሦስት እርምጃ አይርቁም ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ የሳኦልን መጨረሻ አነበብኩ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 31። ሳኦል ያማረ አሟሟት አልሞተም። እግዚአብሔርን አልታዘዘም፣ መናፍስት ጠሪ ቤት ድረስ ሄዷል፣ በመጨረሻም በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ። ጠላቶቹ ሬሳውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። "ራሱ ጠርቶት ነው" ለማለት ከእሱ የሚመች ሰው አይገኝም። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ግን ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ሌሊቱን ሙሉ ተጓዙ። ሬሳውን አወረዱ፣ አጥንቱን ቀበሩ፣ ሰባት ቀን ጾሙ።

ለምን? መልሱ ምዕራፍ 11 ላይ አለ። አሞናዊው ናዖስ የእነዚህን ሰዎች ቀኝ ዓይን ላውጣ ብሎ ሲነሣ ደርሶ ያዳናቸው ሳኦል ነበር። እነሱ የሳኦልን መጨረሻ ብቻ አላዩም፤ መጀመሪያውንም ያውቁት ነበር። ዳዊትም፣ ያ ሳኦል ሲያሳድደው የኖረው ዳዊት፣ ቸርነት አድርጋችሁ ቀብራችሁታልና እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብሎ ላከባቸው።

መጽሐፉን አጥፌ ያን ልጅ አሰብኩት። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት አካፋ ይዞ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነበር። በክረምት፣ ጭቃው ጉልበት እየዋጠ፣ የስንቱን አባትና እናት መቃብር ቆፍሯል! የእኔን አባት ጨምሮ። አዎ፣ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ግን ቆፍሯል።

"ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" ይላል ሐዋርያው። ሟቹ በምን እንደሞተ አጣሩ አይልም።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ሲገጥማችሁ ታዲያ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ከቤተሰቡ እጅ ውሰዱ። ሳጥን፣ መኪና፣ ለእንግዳው ንፍሮና እንጀራ፣ ቡናና ስኳር፤ ይህ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ የሚያልቅ ገንዘብ ነው። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ አይደምርም። አንድ የታመነ ሰው ደብተር ይያዝ። "ብሩ ለመጠጥ ይውላል" የሚል አይጠፋም። ሟቹ ከእንግዲህ አይጠጣም፣ ወንድሜ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚጠጣ ሰው ካለና ከሰጋችሁ ሳጥን ሠሪውን ራሳችሁ ክፈሉ፣ ዱቄቱን ራሳችሁ ግዙ።

እባካችሁ ደግሞ "እገሌ አምስት መቶ፣ እገሌ አንድ ሺህ" እያላችሁ ድንኳን ውስጥ ስም አትጥሩ። ሌላ ቤት ልማድ ሊሆን ይችላል፤ በሱስ የሞተ ልጅ ያለበት ቤት ግን እያንዳንዱ ስም ተጨማሪ ዕዳ ነው። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ "በሱስ ምክንያት ሕይወቱ ላለፈው" ብላችሁ እርዳታ አትጠይቁ። ለእናቱ በአንድ መስመር ሁለተኛ ሞት ነው። ሰባኪዎቻችንም ቢታገሡ ደስ ይለኛል። ስለ መጠጥ መማር አለብን፣ ያውም በደንብ። ግን ሬሳ አስተኝቶ አይደለም። ትምህርቱ ከአርባው በኋላም ይደርሳል።

በዚያ ለቅሶ የበለጠችን አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ናት። የእሷ ቤት ሥጋ ክርስቲያኑ እንደማይበላ ታውቃለች። ስለዚህ የበሰለ ነገር ይዛ አልመጣችም። ከጓሮዋ የተለቀመ ጥሬ ቡና በቁና፣ አምስት ኪሎ ስኳር፣ የራሷን ረከቦትና ሲኒ ይዛ ገባች። ማንንም ሳትጠይቅ ከሰሉን አያያዘች። ሦስቱንም ቀን ስታፈላ፣ ሲኒ ስታጥብ ነበር። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልወጣትም። "ምርኩዜን የሚጠግንልኝ እሱ ነበር" ካለችው በቀር።

እኛ የጾም ቀን የምንቆጥረው ደግሞ ደንብ እናነብ ነበር።

ባለፈው እሁድ የእድር መዋጮ ቀን ነበር። እማማ የወሩን ብር በነጠላቸው ቋጥረው መጡ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። ከስማቸው ፊት ስምንቱም ወር ተከፍሏል።

"ማነው የከፈለልኝ?" አሉ።

"የዚህን ወር ይስጡኝ፣ እማማ" አላቸውና ደረሰኙን ቆረጠ።